ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል

የቦኖው ቁልፍ አንገቴ ላይ ታስሮ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል። ጧት ከፍቼ፣ ውሃው ሲያልቅ ዘግቼ፣ በመካከሉ ሰው እንዳይፈነካከት መጠበቅ ሥራዬ ነበር። ሰቆጣ ላይ ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ያለውን ግርግር ያላየ ሰው ይኼን ሥራ አይለውም። ጀሪካኑ ዳገቱን ይዞ ይሰለፋል፤ የእያንዳንዱ ጀሪካን ባለቤት ደግሞ ምላስ አላት።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግብኝ መሸሸጊያ እፈልጋለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ካረፈደች፣ ጎርፍ ወስዷት፣ ጅብ አግኝቷት፣ በልቤ ቀብሬ አልቅሼ ነው በሩን የምከፍትላት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስም አነባለሁ፣ ቁጥር እለያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለኝም። እንዲህ ያለች ሴት ቦኖ ላይ እንዴት ዋለች ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ፈሪ ሰው ሕግ ይወዳል።

ሕጌ ሦስት ጥያቄ ነበር። አንደኛው፣ አራስ ናት ወይስ አይደለችም። ሁለተኛው፣ መንገዷ ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ። ሦስተኛው፣ ማን ቀድማ መጣች። ደግሞ ሰልፉን በሙሉ አላይም፤ ሰልፉን በሙሉ ያየ ሰው ይደነግጣል። ሁለት ሴቶች ሲጣሉ ሁለቱን ጀሪካን ብቻ ነው የማየው። አንዷ አራስ ከሆነች አለቀ፣ እሷ ትቀዳለች፣ ሌላ ነገር አልጠይቅም። ሁለቱም አራስ ከሆኑ ወይም ሁለቱም ካልሆኑ ወደ መንገዱ እሄዳለሁ። መንገዳቸውም እኩል ከሆነ ቀድማ የመጣችው ትቀዳለች። በገበያ ቀን የመንገዱን ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ከገጠር የመጣችው ሴት ፀሐይ ሳይከርር መመለስ አለባት። ጥያቄዎቹ አይለወጡም፣ ተራቸው ነው የሚለወጠው። አንዳንዱን ደግሞ ገልብጬ እጠይቀዋለሁ፤ ውሃው ሲቀጥን ትንሽ ጀሪካን የያዘች ትቅደም እላለሁ፣ ሲበረታ ትልቅ የያዘችው። ሴቶቹ የቦኖ ዳኛ እያሉ ይቀልዱብኛል። አንዷማ፣ ጀሪካን በመዳኘትሽ ፍርድ ቤት አይቀጥርሽም ወይ እያለች ታስቀኝ ነበር። ቢቀልዱብኝም ግን አልሳሳትም ነበር።

ልጄ ወልድያ ሄዳ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰች። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ይመስለኛል። ያን ጊዜ ሰቆጣ ላይ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት በጣት ይቆጠራል፤ ያለውም ሰው አለው። ልጄ ወረቀቷን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ስምንት ወር አለፈ። እኔ ማታ ማታ አልተኛም፤ ይኼ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ በከንቱ ሆነ እያልሁ ሳይሆን፣ ልጄ ተስፋ ቆርጣ አንድ ነገር ትሆንብኛለች እያልሁ።

በዚያ ላይ እናቴ ነበረች። እናቴ ከሰቆጣ ርቃ፣ ደሃና ነው የኖረችው። ዓይኗን ሞራ ሸፈነው፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ልጄ ገና በእቅፍ በነበረችበት ዕድሜ ነው ብርሃኗ የጠፋው፤ የልጅ ልጇን መልክ አታውቀውም፣ በእጇ ብቻ ፊቷን እየዳሰሰች ነው የምትለያት። በዚያ ዓመት ብቻዋን ማደር ስላልቻለች ሄጄ በአህያ አምጥቼ እኔ ዘንድ አኖርኋት። ይኼን ልብ በሉ፣ ሁለት ወር ነው ከእኔ ጋር የተቀመጠችው።

ከዚያ የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ ነው ተባለ። አምስት ቀን ይሠራሉ፣ በቀን ሃያ ሰው፣ ለአንድ ሰው አንድ ዓይን። በየቤተ ክርስቲያኑ ተነገረ፣ በየገበያው ተነገረ። ከደሃና፣ ከኒሯቅ፣ እኔ ስሙን ሰምቼ ከማላውቀው ጎጥ ሁሉ ዓይነ ስውር በምርኩዝ፣ በአህያ፣ በልጁ ትከሻ ተመርቶ መጣ። የሐኪም ቤቱ ግቢ ሠርግ ቤት መሰለ። መዝጋቢ ሲፈለግ ልጄን ጠሯት! ለሦስት ሳምንት ጊዜያዊ ሥራ ነው፣ ግን ሥራ ነው። አዲስ ነጠላ አልብሼ ላክኋት፤ መቀነቷን ሦስት ጊዜ አስረን ሦስት ጊዜ ፈታነው።

የሐኪሞቹ አለቃ ቃል በቃል እንዲህ አላት፦ ሁለቱም ዓይኑ የጠፋ ይቅደም፤ ከእነሱ ውስጥ ከሩቅ የመጣ ይቅደም፤ መንገዳቸው እኩል ከሆነ በዕድሜ የገፋ ይቅደም። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ሰዎቹን በየተራ እየጠየቀች ጻፈች። መንገዱን በሰዓት ነው የጻፈችው፣ የእግር ሰዓት። አንዱ ሽማግሌ ጧት ተነሥቶ ማታ መግቢያ ቢላት፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት ነው ወይስ በኋላ የተነሡት ብላ ስትጠይቀው በመስኮት ሰምቼ ደስ አለኝ። ያገሯን ሰው ታውቃለች።

ሥራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ በግድግዳ ላይ ተለጠፈና አንድ ጤና ረዳት ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቦኖውን ዘግቼ ሮጬ ደረስሁ። እናቴ አራተኛ ተባለች። ጎረቤቶቼ እልል አሉ። እኔ እግሬ መሬት አልነካም፤ ነገ ታያለች፣ ነገ ከነገ ወዲያ ልጄን በዓይኗ ታያለች እያልሁ ሰው ሁሉ አቀፍሁ።

ደስታዬ የቆየው አንባቢው ሁለተኛውን ሰው መልሶ እስኪጠራው ነው። ሁለተኛው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ታመመ እንጂ በሌላው ከመንገድ ማዶ ሆነው የቦኖዬን ጀሪካን ይቆጥራሉ። ሦስተኛዋም የከተማ ሰው ናት፣ አንድ ዓይኗ ደኅና ነው። አንባቢው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ከኒሯቅ ወዲያ የመጣች ሴት ጠራ። አርባ ዓመት አይሞላትም፣ ሁለቱም ዓይኗ ጠፍቷል፣ ባልዋ ምርኩዙን ከፊት ይዞ፣ እሷ ከኋላ ጫፉን ይዛ ነው የገባችው። በዓይኔ አይቻታለሁ። ስሟን ሲጠሩ ባልዋ ስንተኛ ናት አለ፤ ሲነግሩት ምርኩዙን አዙሮ ሚስቱን ወደ ጥላው መራት።

አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፦ ልጄ አያቷን አስቀደመች። እንዲያ እንዳይመስል ደግሞ ሌሎች የከተማ ሰዎችን ጨመረች። ሰው ነገ ያውቃል፣ ሥራዋን ትነጠቃለች፣ ትታሰራለች፣ የእነዚህ ሁሉ ዕውር ዕንባ ይወድቅባታል። የግቢውን አጥር ሁለት ጊዜ ዞርሁት። ከዚያ ልጄ የምትሠራበት ካርድ ክፍል ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ብቻዋን ነበረች፣ ፊቷ በደስታ ያበራል።

«አያትሽን እዚያ ያወጣሻት አንቺ ነሽ?» አልኋት።

«እኔ ሰው አላወጣም፣ እማ። ማሽኑ ነው የደረደረው።»

«ማሽኑ አያት የለውም።»

እንዲያ ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። ስምንት ወር ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ ያልተቆጣችውን ቁጣ ያን ቀን ተቆጣችኝ። ነይ እይ አለች። መስኮቱን የሚያህል የማሽኑ ሰሌዳ ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር አሳየችኝ፤ ምንም አላየሁበትም። ሐኪሙ ያሉኝን ሦስቱንም አድርጌአለሁ አለች። መጀመሪያ በዓይን ደረደርሁ፣ ቀጥሎ በመንገድ ደረደርሁ፣ ቀጥሎ በዕድሜ ደረደርሁ፤ የቀረ ነገር የለም።

እኔ ማሽን አላውቅም። መደርደር ግን አውቃለሁ።

«መልሰሽ መላልሰሽ ደረደርሽው? ሦስቴ?» አልኋት።

«ሦስቴ።»

ጠረጴዛው ላይ የሕመምተኞቹ ካርድ ተቆልሏል። አምስቱን አንሥቼ በዓይን ደረደርሁላት። ከዚያ ያንኑ አምስት ካርድ በመንገድ አድርጌ እንደገና ደረደርሁት። ከዚያ በዕድሜ። የመጀመሪያው ሥራዬ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋት። ካርዶቹን አየቻቸው፣ ሰሌዳዋን አየች፣ እንደገና ካርዶቹን አየች። መጨረሻ የተደረደረበት ነው የሚገዛው። በዕድሜ ደርድራ ስለጨረሰች በዕድሜ የገፋ ሁሉ ላይ ወጥቷል፤ ዓይኑም መንገዱም ፈርሷል። እኛ ደግሞ ሽማግሌ ከላይ ሲቀመጥ ማየት ለምደናል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ወጥቶ ስታየው ያልገረማት፤ ፈረንጅ ቢሆን ይገርመው ነበር።

«እሺ አንቺ ቦኖ ላይ እንዴት ታደርጊዋለሽ?» አለችኝ። ቁጣው የለም፣ ዓይኗ ብቻ ነው ያለው። ተማሪ ሆና እንኳ እንዲያ አላየችኝም።

ሁለት ካርድ አንሺ አልኋት። ሁለት ብቻ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቂ፤ ከለየ ተዪው፣ አለቀ። እኩል ናቸው ካለሽ ብቻ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፊ። እኩል ካላለሽ ሁለተኛው ጥያቄ አፉን አይከፍትም።

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ እኔን እንደ ሕፃን ወዘወዘችኝ። አስተማሪያችን እኮ ይኼንን ነግሮን ነበር፣ አወዳዳሪ ይለዋል፣ እኔ ለፈተና ብቻ ሸምድጄው ነው አለችኝ። ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች፣ እየጻፈች ትነግረኛለች። እያንዳንዱን ጥያቄ ለብቻው ትጽፈዋለች። ለብቻው ስም ታወጣለታለች። ጥያቄው ሁለት ሰው ይሰጠዋል፣ የሚመልሰው ይኼ ይቅደም፣ ያ ይቅደም፣ ወይም እኩል ናቸው ብቻ ነው። ስለ ሌላው ጥያቄ ምንም አያውቅም። ከዚያ ሦስቱን እንደ ዶቃ በአንድ ክር ትሰካቸዋለች፤ አንዱ እኩል ካለ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ተራውን መለወጥ ብትፈልግ ክሩን ፈትታ መልሳ መሰካት ነው፣ ዶቃው አይነካም። የገበያ ቀን እኮ ነው አልኋት። አዎ የገበያ ቀን ነው አለች። ትንሹና ትልቁ ጀሪካንስ ብላት፣ እሱማ ያንኑ ጥያቄ መገልበጥ ነው፣ አንድ ቃል ነው አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስሰድብበትና ስሰደብበት የኖርሁት ነገር ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲሄድ አየሁ። ሃምሳ ጊዜ ብትደግምልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ልትደረድረው እጇን ስታነሣ ግን ቆመች።

«እምዬ ትወርዳለች» አለች በቀስታ።

ትወርዳለች። እናቴ ሁለቱም ዓይኗ ጠፍቷል፣ ግን ቤቷ አሁን የእኔ ቤት ነው፣ መንገዷ የአንድ ሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በሩ ዝግ ነው። ስሕተቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ዝርዝሩ ተለጥፏል፣ ሰዉ ሰምቷል፣ ማንም አልጠየቀም። ምን እንደፈለግሁ አልደብቅም፤ ዝም ማለት ፈለግሁ። ለመናገር ስፈራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ ያን ቀን ግን ዝም ማለት ባሰብኝ። ያ ምርኩዝ የያዘ ባል ትዝ አለኝ። ወንበሩን ይዤ፣ ደርድሪው አልኋት።

እናቴ ሰማንያ ስምንተኛ ሆነች።

መቶ ሰው ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ይደርሳታል። ግን ከአራተኛ ሰማንያ ስምንተኛ! ለእናቴ ስነግራት መደቡ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተመችና በአማርኛ ጨመረችበት፤ «መጀመሪያ ከደሃና አንሥተሽ አመጣሽኝ፣ አሁን ደግሞ ቅርብ ናት ብለሽ ወደ ኋላ ወረወርሽኝ። እዚያው ብትተዪኝ ኖሮ ነገ በተቀደድሁ።» ራሷው ሳቀች። አንዷ ጎረቤቴ ይኼን ሰምታ፣ ታዲያ ደሃና ብላችሁ አትጽፉም ወይ፣ ሁለት ወር ምን አላት፣ ውሸት እኮ አይደለም አለች። ውሸት አይደለም። እያሰብሁት አደርሁ። ለልጄ ግን አልነገርኋትም፤ እንቢ እንዳትለኝ ሳይሆን እሺ እንዳትለኝ ፈርቼ።

አዲሱ ዝርዝር ጧት ሲለጠፍ ከተሜው ተቆጣ። ሁለተኛ የነበሩት ሽማግሌ ቦኖዬ ድረስ መጥተው፣ ትናንት ሁለተኛ ዛሬ የለሁም፣ ለልጅሽ በአንድ ማታ አረጀሁባት ወይስ ጎረመስሁባት አሉኝ። እናቴ ስንተኛ እንደሆነች ስነግራቸው፣ እሱስ ደግ ነው ብለው ሄዱ። ያች የኒሯቅ ሴት በመጀመሪያው ቀን ተሠራች። የሐኪሞቹ አለቃ አልተቆጡም፤ ልጄ ስሕተቷን ስትነግራቸው፣ ሥራው ሳይጀመር ነገርሽኝ ብቻ ነው ያሏት።

ከዚያ ሌላ ጭንቀት ገባ። የሐኪሞቹ መምጣት ወሬ እየራቀ ሲሄድ አዲስ ሰው መምጣት ጀመረ። አዲሶቹ ከሩቅ ናቸው፤ በጣም ሩቅ ስለሆኑ ነው የዘገዩት። ልጄ በየማታው ከዝርዝሩ የተሠሩትን አውጥታ፣ አዲሶቹን ጨምራ፣ እንደገና ትደረድራለች። አዲሶቹ ሁሉ ከእናቴ ፊት ይገባሉ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሰማንያ ሰው ይሠራል፣ እናቴ ሰባ አራተኛ። ከሁለተኛው በኋላ ስድሳ ይሠራል፣ እናቴ ሃምሳ ዘጠነኛ። እኔ ቦኖ ላይ ቆሜ አንድ ሰው በአህያ ተጭኖ ከተራራው ሲወርድ ባየሁ ቁጥር እናቴን አንድ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንዱ ዕውር ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን መንገድ ሲጠይቀኝ ለአፍታ ዝም ብየዋለሁ። ከዚያ አሳየሁት፣ ውሃም ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ሲመሽ የሚሠራው አርባ ሰው ብቻ ቀረ። እናቴ አርባ ሦስተኛ ሆነች።

አሁን የምናገረው ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርሁትን ነው። ቦኖዬ ላይ አራተኛ ጥያቄ አለ። ብዙ ጊዜ ስለማያስፈልግ ለልጄ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ስነግራት አልመጣልኝም ነበር። ውሃው ማታ ሳይደርሳቸው ካለቀ ጀሪካኖቹ እዚያው ያድራሉ። በማግሥቱ ያደረ ጀሪካን ከዛሬ መጪ ይቀድማል፣ የዛሬዋ መንገድ የፈለገውን ያህል ቢርቅ። እንዲያ ባይሆን የሰፈሬ ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ አትቀዳም፤ ሁልጊዜ ከእሷ የራቀ ሰው አለና። ይኼ ጥያቄ በሁለተኛው ቀን ትዝ አለኝ። ግን እንዴት ልናገረው? የመጀመሪያው እናቴን ስለጣለ በኩራት ተናገርሁት። ይኼ እናቴን ያነሣል። በእኔ አፍ ከወጣ ልጄ ለአያቷ ሕግ አወጣች ይባላል። ምላሴን ነክሼ ዋልሁ።

ያን ምሽት ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ዝርዝሩን ሊሰማ ቆሟል። ከሰፈራችን አንድ ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ነበሩ፤ በዕድሜ ከእናቴ ስለሚያንሱ ከእሷ ኋላ ናቸው። ምራታቸው ከእኔ ቦኖ ነው የምትቀዳው። ቁጥራቸው አርባ አራት መሆኑን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን እየመቱ ሰው እየገፉ ወደ መስኮቱ ሄዱ። እኔ የት እንደቆምሁ አያዩም፣ ግን መኖሬን ያውቃሉ።

«የቦኖዋ ዳኛ እዚህ አለሽ አይደል?» አሉ። «አንቺ ዘንድ ያደረ ጀሪካን ይቀድማል። ልጅሽ ዘንድ ያደረ ሰው አይቀድምም?»

ግቢው ሳቀ። ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሐኪሞቹ አለቃ ከበሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን እየጠረጉ ምንድን ነው ነገሩ አሉ። የመለሱላቸው አዛውንቱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ከእኔ ዘንድ የሚቀዱት ሴቶች ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። ሐኪሙ ትንሽ አሰቡና ይኼ ደግ ሕግ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ልጄ መስኮት ዞረው፣ ሁሉንም እንደ አዲስ መሥራት ስንት ቀን ይፈጅብሻል ብለው ጠየቋት። ፊታቸው ላይ የነገው ሥራ ሲስተጓጎል ይታየኛል።

ልጄ፣ ይቆዩ ውሃ ልጠጣ አለች።

ጠጣች። ተቀመጠች። አንድ ጥያቄ ጻፈች፤ ከሁለቱ ያደረው የትኛው ነው፣ ዛሬ የመጣውስ የትኛው ነው የሚል። ስም ሰጠችው፣ ክሩን ፈትታ ከዓይን ቀጥሎ ከመንገድ በፊት ሰካችው። ሌሎቹን ሦስቱን አልነካቻቸውም። ማተሚያው እየጮኸ ወረቀቱን የተፋው አንድ ጀሪካን በሚሞላበት ጊዜ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዘው እሷን፣ ማሽኑን፣ ደግሞ እሷን አዩ። እኔ በመስኮቱ ተንጠልጥዬ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ የትኛውን እንደማደርግ አላውቅም። ያቺ ጎረቤቴ ጆሮዬ ላይ፣ ልጅሽ ደሃና ብላ ከምትጽፍ ይኼ ይሻላል አለችኝ።

እናቴ ሠላሳ ዘጠነኛ ሆነች። አዛውንቱ አርባኛ።

በዚያ ቀን የደረሱት አራቱ የሩቅ ሰዎች ወረዱ። ይኼን ዘልዬ ባልፍ ደስታዬ ውሸት ይሆናል። ሐኪሞቹ በመጨረሻው ቀን ምሳቸውን ትተው ለሁለቱ ሠሩላቸው። ሁለቱ ግን ልጄ ያደሩ ብላ የጻፈችበትን ወረቀት ይዘው ተመለሱ፤ የሚቀጥለው ዘመቻ ሲመጣ መጀመሪያ እንዲሆኑ። አንደኛው በሚቀጥለው ጊዜ መጥቶ ተሠርቶለታል። ሁለተኛው አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ አላወቅሁም፣ አንዳንዴ ይመጣብኛል።

ያ ዝርዝር ልጄን ሥራ አስገኘላት። ከዚያ ወዲያ ለዘር ማከፋፈያ፣ ለተማሪ ምደባ ዝርዝር የሚፈልግ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ የመንገዱን ጥያቄና የዕድሜውን ጥያቄ ከዚያው አንሥታ በሌላ ተራ ትሰካቸዋለች። ዛሬ ምን ሰካሽ እላታለሁ ማታ ስትገባ። የማይገባኝን ሳይቀር ትነግረኛለች።

እናቴ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባች። እጇን ይዤ እስከ በሩ ሄድሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላስገቡኝም። እዚያ በር ላይ የፈራሁትን ፍርሃት ልናገረው አልችልም፤ ያን ሁሉ ተራ ጠብቀን ዓይኗ ባይበራስ የሚል ነው። ስትወጣ ዓይኗ ታሽጎ ነበር። በማግሥቱ ጧት ሊፈታ ሰልፍ ተያዘ፤ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን መኪና ላይ እየጫኑ ናቸው። እኔና ልጄ ከፊቷ ቆምን። አንድ ወጣት ነርስ ተጎንብሶ ፋሻውን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ዓይኗን ጠረገላት፣ እማማ ቀስ ብለው ይግለጡ አላት።

ገለጠች። ልጄ ክንዴን ጨብጣ አጥንቴ ደርሳለች። እናቴ ከፊቷ የተጎነበሰውን ነርስ ትክ ብላ አየችው፣ ዓይኗን አንዴ ጨፍና ገለጠች።

«ልጄ» አለችው፣ «የደረትህ ቁልፍ ወልቋል።»

ነርሱ ሸሚዙን ቢያይ እውነት ነው። ልጄ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ወደ እሷ ዞረች፣ እጇን ዘርግታ ፊቷን ልትዳስሳት ጀመረች፣ መንገድ ላይ አስቀረችው። እጇን መለሰችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ በዓይኗ ብቻ አየቻት። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ አዛውንቱ ከኋላ ሰልፉ ቆመ እንዴ ብለው ሲቆጡ ተነሣች። ምርኩዟን ሳትይዝ በሩን በራሷ አገኘችው። ደረጃውን ልትወርድ ስትል እንዳትወድቅ ብዬ እጄን ዘርግቼ ከኋላዋ ተከተልሁ። አልወደቀችም። እጄን እንደዘረጋሁ ግቢውን አቋርጠን ወጣን፤ ሰው ያየናል፣ እጄን መሰብሰብ ግን አልቻልሁም።